ባሕር ዛፍ ለደን ሕግ አውጪዎች ያወጣው የምስጋና አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእንጦጦ ባለርስት፣ የደጋው ማሳ ሁሉ ወሰንተኛ፣ የአዲስ አበባ ፎቅ ሁሉ ምርኩዝ ከሆንነው ከእኛ ከባሕር ዛፍ የተላከ ቃል ነውና ዋ! አልሰማሁም እንዳትል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥተን ዋና ከተማውን በማገዶ እጦት ከመፈታት ስላዳንን፤ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ውኃ አደረቁ ተብለን ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀል ትእዛዝ ቢወጣብንም ትእዛዙ ወረቀት ላይ ስለቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት የደን ሕጎችም አገር በቀሉን ዛፍ እንጠብቃለን ሲሉ የእኛን ርስት ሲያሰፉ ስለኖሩ፤ ውለታ መላሽ መሆናችንን በይፋ ማሳወቅ በማስፈለጉ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ደን» ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ያለ፣ ቁመቱ 2 ሜትር የደረሰ ወይም ሊደርስ የሚችል፣ ጥላው 20 በመቶ የሚሸፍን ዛፍ ነው፤ ቀርከሃንም ይጨምራል። ይህን እኛ አልፈጠርነውም፤ በ2007 ዓ.ም. የጸደቀ የአገሩ ትርጓሜ ነው። ከዚያ በፊት ለዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሪፖርት ሲላክ መለኪያው 5 ሜትር ነበር። ቆላ ያሉት ቁመተ አጭር ዛፎች ከቆጠራ እንዳይቀሩ ነው ተብሏል፤ ምክንያቱ ሐቅ አለው፣ ለእነሱም ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ አገሩ የቀረው ደን 3 በመቶ አይሞላም ሲባል ያደገ ተማሪ፣ 15.5 በመቶ መባሉን ሰምቶ «እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛ ሁለት ሜትሩን በሁለት ዓመታችን እናልፋለን።

በዚህ አዋጅ ለማገር የተነገረው ለአጣናም ያገለግላል።

አንቀጽ 2፦ ስለ ዋንዛ

አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ሐሳቡን ማን ይጠላል? ነገር ግን ዋንዛ አንዴ ጣውላ ከሆነ በኋላ ከመንግሥት ደን ይምጣ ከገበሬ ጓሮ የትውልድ ቀዬውን አይናገርም። የኋለኞቹ ሕጎች አልሚው የተከለውን የመጠቀም መብት እንዳለው ጽፈዋል፤ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 እንዲያውም ከግልና ከመንግሥት ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን የሚባሉ የባለቤትነት ዓይነቶችን አስገብቷል። ኬላ ላይ የሚቆመው ሰው የሚጠይቀው ግን ወረቀት ነው። አይሱዙው ይቆማል፣ ሸራው ይገለጣል።

«አባባ፣ ይሄ ዋንዛ ነው።»

«አዎ ልጄ፣ የማሳዬ ዋንዛ።»

«የማሳዎ መሆኑን በምን ልወቅ?»

አባባ ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ደብዳቤ ያወጣሉ። ማኅተሙ የቀበሌ ነው፤ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ይፈለጋል። የወረዳው ሰው ስብሰባ ነው። ሾፌሩ የቀን ሂሳቡን እያሰላ ሞተሩን ያጠፋል፤ ለልጅ ሠርግ አልጋ ሊሆን የነበረው ጣውላ ኬላው ግቢ ውስጥ ይራገፋል።

አባባ በሚቀጥለው ክረምት ማሳቸውን ሲያርሱ፣ ወፍ የዘራችው የዋንዛ ችግኝ ሁለት ቅጠል አውጥቶ ቦዩ ዳር ያገኙታል። ቀና ብለው ግራና ቀኝ ያያሉ። ጎንበስ ብለው ይነቅሉታል። ማንም አልከሰሳቸውም፤ ችግኝ መንቀል ደብዳቤ አይጠይቅምና። በቦታው እኛን ተከሉ። በአምስት ዓመት ደርሰን በቁም እንሸጣለን፣ ገዢው ራሱ ቆርጦ ራሱ ይጭናል። ስለዚህ ውለታ ለሕግ አርቃቂዎች፣ ለማኅተም ቀራጮችና ለኬላ ዘበኞች ጥልቅ ምስጋናችን ይድረስ።

አንቀጽ 3፦ ስለ ሰሌዳ ጸሐፊዎች

የአካባቢና የደን ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ተጨመረለት፤ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፤ በ2014 አካባቢው ለብቻው ወጥቶ ደኑ የኢትዮጵያ ደን ልማት ተብሎ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ገባ። ከተተከልን ገና ሁለት ጊዜ ለአቅመ ቆረጣ ሳንደርስ ጠባቂያችን አራት ስም ያዘ። በዚህ ሁሉ መካከል ሥራ ያልፈቱ ሰሌዳ ጸሐፊዎች የደን ባለሙያ ተብለው እንዲመዘገቡ ፈቅደናል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ተከላ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። በድካሙ አናላግጥም። የጸደቀውም እንደተተከለው በከበሮና በካሜራ ይቆጠር።

አንቀጽ 5፦ ከሥልጣናችን ውጪ ስለሆኑ ቦታዎች

በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉ ጥቅጥቅ ደኖች ነጋሪት ሳይጎሰምላቸው ቆመዋል። ዛፉ የማን እንደሆነ እዚያ የሚጠይቅ የለም፤ የታቦቱ ነው። ቢሆንም ተስፋ አንቆርጥም፤ ለደብሩ ገቢ በሚል በአንዳንድ ግቢ አጥር ዘልቀናል።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ማስፈጸሚያ ደንብና መመሪያ አንጠብቅም። አዋጅ ቁጥር 542/1999 ማስፈጸሚያ ደንብ ሳይወጣለት በ2010 ዓ.ም. ተሽሯል፤ እኛ በዚያ መካከል ሁለት ጊዜ ተቆርጠን ሁለት ጊዜ አቆጥቁጠናል።