ተጋጣሚ አልባ ሽንፈት፦ በሎስ አንጀለስ ሌከርስ የዜና ሽፋን ላይ የቀረበ ጥናት

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ 30 ቡድኖች እንዳሉት በሊጉ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የስፖርት ቴሌቪዥን ተከታታይ ግን ይህን አኃዝ በራሱ ምልከታ ሊያረጋግጥ አይችልም። በምልከታ የሚረጋገጠው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ እሱም ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ነው። የቀሩት 29ኙ፣ ሌከርስ ብቻውን መጫወት ስለማይችል የተመደቡለት ናቸው። ይህ ጥናት የክስተቱን ባሕርይ ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አድልዎው በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነው።

ቀደም ሲል በተመልካቾች ዘንድ ሰፍኖ የኖረው መላምት «ሚዲያ አሸናፊ ይወዳል» የሚል ነበር። ክለቡ 17 ዋንጫ ስላለው መላምቱ ለጊዜው ደህና ይመስላል። ሆኖም በ2015-16 የውድድር ዘመን ሌከርስ 17 ጨዋታ አሸንፎ 65 ተሸነፈ፤ በታሪኩ ከዚያ የከፋ ውጤት የለውም። በዚያው ዓመት በገና ዕለት፣ ማለትም ሊጉ ለመላው አገር ይታዩ ያላቸውን ጨዋታዎች መርጦ በሚያቀርብበት ቀን፣ ሌከርስ እንደ ወትሮው በስክሪን ላይ ነበር። ከ1999 ወዲህ ያለ ሌከርስ የዋለ የኤንቢኤ ገና የለም። ፕሮግራሙ የሚወጣው ውድድሩ ሳይጀመር ስለሆነ ቡድኑ እንዲህ እንደሚወርድ ማን አወቀ ብሎ የሚሟገት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም 21 አሸንፎ 61 ተሸንፏል። መላምቱን እዚህ ላይ እንቀብረዋለን።

የጥናቱ ዋና ናሙና የ2004ቱ ፍጻሜ ነው። ሻኪል ኦኒልና ኮቢ ብራያንት ባሉበት ቡድን ላይ ካርል ማሎንና ጌሪ ፔይተን ተጨመሩበት። ሁለቱም ዋንጫ ሳያነሱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዋንጫ እናገኛለን ብለው በትንሽ ደመወዝ የፈረሙ ሰዎች ነበሩ፤ ማሎን 40 ዓመት ሞልቶታል። በወዲያኛው በኩል ዲትሮይት ፒስተንስ ቆሟል። ከዲትሮይት ተጫዋቾች በዚያ ዓመት ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠው ቤን ዋላስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በ1996 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) ስሙን የጠራ ቡድን ያልነበረ ሰው ነው። ዲትሮይት 4 ለ 1 አሸነፈ። በሦስተኛው ጨዋታ አራቱ ኮከቦች የተሰለፉበት ሌከርስ ማስቆጠር የቻለው 68 ነጥብ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? የተሰጡትን ማብራሪያዎች ሰብስበናል። የማሎን ጉልበት ታሟል። ሻኪልና ኮቢ ተኳርፈዋል። ፔይተን ከአጨዋወቱ ጋር አልተግባባም። ኮቢ ኳስ አብዝቶ ወረወረ። አሠልጣኙ ፊል ጃክሰን ልቡ ሸፍቷል። አንዱም ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ልብ የሚባለው ነገር፣ ማብራሪያዎቹ በሙሉ ነዋሪነታቸው ሎስ አንጀለስ መሆኑ ነው። ለሐቁ ያህል፣ ዲትሮይትንም ያመሰገኑ ነበሩ። ነገር ግን ወር ሳይሞላ ሻኪል ወደ ማያሚ ተሸጠና ምስጋናው ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ሚዲያው የተጠመደው ጥፋቱ የሻኪል ነው ወይስ የኮቢ በሚለው ሙግት ነው።

ከዚህ በመነሳት የተጋጣሚ መሰወር ሕግን እንደሚከተለው አስፍረናል፦ ሌከርስ ሲያሸንፍ ያሸነፈው ሌከርስ ነው፤ ሌከርስ ሲሸነፍ የተሸነፈው ሌከርስ ነው። ሌከርስን ያሸነፈ ቡድን እስካሁን በናሙናችን ውስጥ አልተገኘም።

ሕጉ በ2012 ዳግም ተፈተነ። ስቲቭ ናሽና ድዋይት ሀዋርድ መጡ፤ ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔትም ሁለቱን ሽፋኑ ላይ አውጥቶ የደስታ ዘመን መምጣቱን አበሰረ። ቡድኑ 8 የዝግጅት ጨዋታዎች አድርጎ 8ቱንም ተሸነፈ። ዋናው ውድድር ተጀምሮ ከአምስት ጨዋታ አራቱን ሲሸነፍ አሠልጣኙ ማይክ ብራውን ተባረረ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው በሆሊውድም እንደሚሠራ ለማወቅ አምስት ጨዋታ በቂ ነበር። በመጨረሻ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ (የዚህ ቡድን ስም እዚህ ጥናት ውስጥ የገባው በቸልተኝነት ነው) 4 ለ 0 አሰናበታቸው። በ2021 ደግሞ ራስል ዌስትብሩክ ከሌብሮን ጄምስና ከአንቶኒ ዴቪስ ጋር ተጣመረ፤ ቡድኑ 33 አሸንፎ 49 ተሸነፈ፣ አሠልጣኙ ተባረረ። ዝርዝሩ ከላይ ካለው ስለማይለይ አንደግመውም።

የመስክ ምልከታው የተካሄደው የጧት የክርክር ፕሮግራሞች ላይ ነው። ባለ መስታወት ጠረጴዛ አለ፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች በጣም ተናደዋል። ከኋላቸው ባለው ሰፊ ስክሪን ላይ ሌብሮን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይታያል። ክርክሩ ሌከርስ ተስፋ አለው ወይስ የለውም የሚል ነው። ከስክሪኑ ግርጌ፣ በምታልፈው ቀጭን መስመር ላይ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ትናንት ማታ ማሸነፉ ተጽፎ ያልፋል። ለማንበብ የሞከረ ሰው የክርክሩን አንድ ዓረፍተ ነገር ያመልጠዋል፤ ደግነቱ ያው ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያ በኋላ ይደገማል።

በ2024ቱ ድራፍት ከ58 ተመራጮች 55ኛ የተጠራው ብሮኒ ጄምስ ነው፤ የመረጠው አባቱ ሌብሮን የሚጫወትበት ቡድን ነው። የ55ኛውን ስም፣ ቁመት፣ የወላጆች ሁኔታና የመጀመሪያ ደቂቃዎች የማያውቅ የስፖርት ተከታታይ አላጋጠመንም። አንደኛ ሆኖ በአትላንታ ሆክስ የተመረጠው ማን እንደነበር ግን አንባቢ ለራሱ ይሞክረው። ዛካሪ ሪሳሼ ይባላል።

መንስኤውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሎስ አንጀለስ ከኒው ዮርክ ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ የቴሌቪዥን ገበያ ናት። ሊጉ ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲና ከአማዞን ጋር የተፈራረመው የ11 ዓመት ውል 76 ቢሊዮን ዶላር ነው። አዝማሪ ሸላሚውን ትቶ ጥግ የተቀመጠውን አያወድስም። ልዩነቱ እዚህ ሸላሚው ወዳጅ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሌከርስን የሚጠላም እስኪሸነፍ ድረስ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ማስታወቂያውንም አብሮ ያያል፣ ሲቆጠርም ከወዳጅ እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ የሌከርስ ሽንፈት ለጣቢያዎቹ ሠርግና ምላሽ ነው። (ከ2013 ወዲህ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያላነሳው ማንችስተር ዩናይትድ በእኛ ኤፍኤም ጣቢያዎች ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ለሌላ ተመራማሪ ትተናል።)

የመጨረሻው ናሙና ትኩስ ነው። በ2025 መጀመሪያ ሉካ ዶንቺች ከዳላስ መጣ፣ አንቶኒ ዴቪስ በምትኩ ሄደ፤ ወሬው ለሳምንታት አገር አዳረሰ። ቡድኑ በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር ከሚኒሶታ ጋር ተገናኘ፤ ሚኒሶታ እንግዲህ ሌከርስ ራሱ እስከ 1960 የኖረባት ግዛት ናት፣ አሁን ግን እንደ ባዕድ ነው የሚጠሯት። ሌከርስ 4 ለ 1 ተሸነፈ። በአምስተኛው ጨዋታ የሚኒሶታው ሩዲ ጎበርት 27 ነጥብ አስቆጥሮ 24 ሪባውንድ ለቀመ። በማግስቱ ጠረጴዛው ዙሪያ የተደረሰበት ድምዳሜ ሌከርስ የመሐል ተጫዋች እንደሚጎድለው ነው። ማን ይግዛ፣ በማን ይለወጥ፣ በስንት የሚለው እስከ ምሳ ሰዓት አከራከረ። ያን ሁሉ ኳስ ከቀለበቱ ሥር የለቀመው ማን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ አልተረፈም። የጎበርት ቁመት 2 ሜትር ከ16 ነው።