ድርሳነ ቮልስ

ስለ ዐፄ ሠርጸ ድንግል ጉዛራ ግንብ ብዙ ተጽፏል፤ ከኮረብታው ግርጌ በእንፍራንዝ አድርጎ ወደ ጎንደር ስለሚያልፈው ቮልስ የዳሽቦርድ መብራት ግን አንድ ገጽ እንኳ የጻፈ ሊቅ የለም። ነውሩ የቆየ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት በቮልስ ሲወስድ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉን መዝግበው፣ የፍጥነት መለኪያው አምፖል ይበራ እንደ ነበር ግን አልጠየቁም። (ጠዋት ነበር ቢሉን አንቀበልም።)

ንባቡ አጭር ነው፦ «ዳሽቦርዱ ጨለመ።» ትርጓሜው ይረዝማል። አንድም አምፖሉ ተቃጥሏል። አንድም በባለ 6 ቮልት መኪና ላይ የ12 ቮልት አምፖል ገብቷል፤ እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ባለ 6 ናቸውና። እንዲህ ያለው አምፖል አይቃጠልም፣ ፍዝዝ ብሎ ይኖራል እንጂ፤ ግልባጩ ግን በአንዴ እብስ ነው። አንድም ፊውዙ ሄዷል። አንድም ማሳ፣ ማለት ከመኪናው ብረት የሚገኘውን ነጌቲቭ፣ አጥቷል። የትርጓሜ ሊቃውንቱ፣ ላይ ቤትም ታች ቤትም፣ ያላሰቡት ይህ የመጨረሻው አንድምታ በኛ ዘንድ ይጸናል።

እዚህ ላይ አንድ ኑፋቄ እናውግዝ። ነጩ የሸክላ ፊውዝ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። ባለ 1.2 ዋት የዳሽቦርድ አምፖል ግን በ12 ቮልት የሚስበው 0.1 አምፔር ብቻ ነው። እንግዲህ ፊውዝ ደጋግሞ ከበላ ጥፋቱ የአምፖሉ ሳይሆን አንድ ቦታ ተልጦ ኮንታክት የፈጠረው ሽቦ ነው። ይህን ሳያጣሩ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው የሚሰኩ ሰዎች አሉ። ፊውዝ የሽቦ ዘብ ነው፤ ዘቡ አልወድቅ ካለ የሚነደው ሽቦው ራሱ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የፊት ኮፈኑን ክፈቱ (የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን የምንጽፈው ለጀማሪ ተማሪዎች ነው)፤ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ካርቶን አንሱ። የፍጥነት መለኪያው የቆርቆሮ ጀርባ ይታያችኋል። የአምፖሉን ሶኬት በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ ብታደርጉት ይወጣል። ማሳ የሚያገኘው ከዚያው ቆርቆሮ ነው፤ በጀርመኖች ሥርዓት የማሳ ሽቦ ቡናማ፣ ቁጥሩም 31 ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት አረንጓዴ ዝገት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት፤ የፊውዙንም መቆንጠጫ እንዲሁ።

ማሳውን ሳያጸዳ አምፖል የሚገዛ ሁሉ በዚህ ድርሳን ውጉዝ ነው። ባለ ቮልሶች ሆይ፣ አስቀድማችሁ የብርጭቆ ወረቀት ግዙ።