ክብ ማኅተምና ሰረዝ ኬ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ከጮቄ ሥር ማልደው የመጡ አዛውንት የቀበሌ ደብዳቤያቸውን ሲሰጡ፣ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። «አባቴ፣ ማኅተሙ ደብዝዟል፤ አስመትተው ይምጡ።» አዛውንቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተመለሱ። እሰይ! ጥንቃቄ እንዲህ ነው።

እዚያው ቤት የኋላ ክፍል ግን አገሩ ሌላ ነው። የሰርቨሩ ልጅ የጻፈው ስክሪፕት ሌሊት 8 ሰዓት ይነሳና ሰርቨሮቹን በር በበር እያንኳኳ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ያስረክባል። «እገሌ ነኝ» ይላል የተንኳኳው። ማን መሰከረልህ? «እኔው።» ሰልፍ ሳይንድ የሚሉት ሰርተፍኬት ይኸው ነው፤ ደብዳቤውንም ማኅተሙንም ባለጉዳዩ ራሱ የሠራው። ስክሪፕቱ በወጉ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። ልጁ ከርል የሚባለው ትእዛዝ ላይ ማረጋገጡን የሚያስቀረውን ሰረዝ ኬ ጨመረበት፤ የፓይተኑን ቬሪፋይ ፎልስ አደረገው። ፓይተን በእያንዳንዱ ጥሪ ማስጠንቀቂያ እየጻፈ ሲጨቀጭቅ፣ ለእሱም አፍ መዝጊያ አንድ መስመር ተገኘለት። ከጎኑ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ አለ። ሦስት ዓመት ሆነው።

ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ዋሸራ ሄዶ «ቅኔ አዋቂ ነኝ፤ ራሴን አስመርቄያለሁ» የሚል ደፋር እስቲ ይሞክረው! መምህርህ ማነው? የመምህርህስ መምህር? እያሉ እስከ ሥሩ ያወርዱታል። የሰርተፍኬት ሰንሰለትም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ጎጃም የሚያውቀውን ነገር ነው ልጁ በሁለት ምልክት የሻረው። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የኤሌክትሮኒክ ፊርማን ሲደነግግ የሥር አረጋጋጭነቱን ለያኔው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ መስጠቱ፣ ለካ ለጌጥ ኖሯል።

ፍርድ ላለማጓደል፣ ራሱን ያተመ ሁሉ ሌባ አይደለም። የገዛ ሰርቨርህ ከሆነ ማሽኑ ፊት ቆመህ የሰርተፍኬቱን አሻራ ታመሳክራለህ፣ ፋይሉን ለስክሪፕቱ ታስይዘዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የመጣ እንደሆነ ይጮኻል። ፓይተን ፎልስ በሚጻፍበት በዚያው ቦታ የፋይሉን መንገድ ይቀበላል። ለአደባባዩ ድረ ገጽም ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ሰርተፍኬት በነጻ ያድላል። ግን ማን ይደክማል? ሪፖርቱ «ስህተት የለም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ስህተቱን የሚናገረው ታፍኗላ!

«በማርቆስ ይዤሃለሁ» አልኩት ልጁን፣ «መሐል መንገድ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ቢቀበልህስ?»

«ጋሼ አያስቡ፣ መስመሩ የተመሰጠረ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከሚመልስልኝ ጋር።»

በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ የደመቀ ማኅተም ይዘው መጡ። ጸሐፊዋ አሁንም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳችው።