ከዕረፍት በፊት በወጉ ስለ መጥቆር

በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ሥር የሰደደ፣ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ግን ያለ አግባብ ችላ የተባለ አንድ ልማድ አለ። ጀርመናዊው ወደ ስፔን ደሴት ወደ ማዮርካ የሚበርበትን ቀን ከቆረጠ በኋላ፣ ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ በፊት ቆዳውን ያዘጋጃል። የሚሄደው ፀሐይ ሊሞቅ ነው። እዚያ ሲደርስ ፀሐይ እንዳትለበልበው እዚሁ አስቀድሞ በሰው ሠራሽ ፀሐይ ይለበለባል። ለመጥቆር የሚሄደው ሰው ጠቁሮ ይሄዳል ማለት ነው። ነገ አስተማሪው የሚገርፈውን ልጅ እንዲለምደው ብሎ ዛሬ ማታ እቤት ጥቂት አርጩሜ እንደ ማቅመስ ያለ አሠራር ነው፤ ልዩነቱ የአርጩሜው ሒሳብ በደቂቃ መታሰቡ ነው።

ይህ ጥናት ድርጊቱን በተገቢው አክብሮት ይመረምራል። አጥኚው በጨረር አልጋ ላይ አልተኛም፤ የንጽጽር መረጃውን የሰበሰበው አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፓ ባላባት ለብዙ ዘመን ከፀሐይ የሚሸሽ ፍጡር ነበር። ገበሬው ማሳ ላይ ይጠቁራል፤ እመቤቲቱ ጓንት አጥልቃ፣ ጃንጥላ አስይዛ ትነጣለች። አራሹንና አሳራሹን ለመለየት ፊት ማየት ይበቃ ነበር። ከዚያ ፋብሪካ መጣ። ድኻው ከማሳው ተነቅሎ ጣሪያ ሥር ገባና ገረጣ። መገርጣት የድኻ መልክ ሲሆን ባለጸጋው ሌላ መልክ መፈለጉ አይቀርም። ሐኪሞችም ገፉበት። ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ሮሊዬ ስዊዘርላንድ ሌዛን ላይ በሽተኞችን ሰገነት ላይ አስተኝቶ ፀሐይ የሚያሞቅ የሕክምና ቤት ከፈተ። በ1920ዎቹ የፋሽን ነዳፊዋ ኮኮ ሻኔል ከባሕር ሽርሽር ጠቁራ ብትመለስ ፓሪስ ተከተላት ይባላል። በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ ሁለት ሳምንት የማረፍ መብት በሕግ አገኘ፤ የመዋቢያ ኩባንያው የሎሬያል ባለቤት ዩጂን ሹለር ደግሞ በዚያው ሰሞን «አምብር ሶሌር» የሚባለውን የፀሐይ ዘይት አሰናድቶ ጠበቀው። ጠቁሮ መመለስ፣ ጊዜም ገንዘብም እንዳለ በፊት ላይ የሚነበብ ማስረጃ ሆነ።

እኛ ዘንድ ማስረጃው ገና በአሮጌው መዝገብ ላይ ነው። መንገድ ሊቀይስ ቆላ የወረደ መሐንዲስ በሳምንቱ እቤቱ ሲገባ እናቱ በሩ ላይ፣ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጠቆርክ? የሚበላ የለም እንዴ እዚያ?» ይሉታል። ጥቁረትና ረኃብ በአንድ ትንፋሽ ይጠየቃሉ። ልጁ በቀን አበል መጥቆሩን ቢያስረዳም የሚሰማው የለም።

የጨረር አልጋው ጉዳይ ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል። ሶላሪየም የሚባለው ይህ ዕቃ በ1970ዎቹ በጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮልፍ አማካይነት ገበያ የወጣ ነው። ጀርመኖቹ ራሳቸው ሳንቲም ስለሚጎርስ «የሳንቲም ማዮርካ» እያሉ ያሾፉበታል፤ ካሾፉ በኋላ ይገቡበታል። ደንበኛው ልብሱን አውልቆ፣ ዓይኑ ላይ ትንንሽ መነጽር አድርጎ ይጋደማል፤ ክዳኑ ይወርዳል፤ ከላይም ከታችም አልትራቫዮሌት ይበራበታል። ሕጉ ጥብቅ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቆዳን የሚያቀላው ጨረር በካሬ ሜትር ከ0.3 ዋት ማለፍ የለበትም። ይህን ልኬት በ40 ያባዛ ሰው የአልትራቫዮሌት መለኪያ ቁጥሩን ያገኛል፦ 12። በምድር ወገብ አካባቢ በቀትር የሚወርደው ፀሐይ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅ፤ ከባሕር ጠለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በጠራ የመጋቢት ቀን ቁጥሩ 12ን አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ መገናኛ ላይ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል የአያትን ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ የአውሮፓ ሕግ ለአልጋ የፈቀደውን ጣሪያ የሚያልፍ ጨረር ያለ ቀጠሮ፣ ያለ መነጽርና ያለ ክፍያ እየተቀበለ ነው። ክፍያው ታክሲው ከመጣ በኋላ ነው። ጀርመን ከ2009 ጀምሮ ዕድሜው 18 ያልሞላውን ልጅ ከሶላሪየም ከልክላለች፤ ከመገናኛ ሰልፍ ግን እስካሁን የተከለከለ ልጅ የለም። ሰልፈኛው በበኩሉ ዝም ብሎ አይቆምም። ተማሪው ደብተሩን፣ ጉዳይ አስፈጻሚው ፋይሉን፣ እናት ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። አንዱ ሰልፈኛ ከሌላው ጥላ ሥር ለመግባት ቀስ ብሎ ሲጠጋ፣ ያኛው ደግሞ ቀስ ብሎ ሲሸሽ፣ ሰልፉ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይዞራል። በሶላሪየም ውስጥ ደብተር ግንባሩ ላይ አድርጎ የተኛ ሰው እስካሁን አልተመዘገበም።

በዚያው በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የጨረር አልጋን ትንባሆና አስቤስቶስ ባሉበት አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገባው። ብራዚል ለውበት ተብሎ እንዳይሠራበት ወዲያው ከለከለች፤ የአውስትራሊያ ግዛቶችም ኋላ ላይ ንግዱን ዘጉት። ሁለቱም ፀሐይ የተረፋቸው አገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ፀሐይ ያለው ሰው ፀሐይ ሲቀርበት ብዙም አይከፋውም።

የጨረር አልጋ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ አስቀድሞ ጥቂት መጥቆር «መሠረት መጣል» ነው ይላሉ። መሠረቱን ለክተነዋል። በዚህ መንገድ የተገኘ ጥቁረት የሚሰጠው መከላከያ 3 ወይም 4 ቁጥር የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከሚሰጠው አይበልጥም። በ10 ደቂቃ የሚቃጠል ሰው ለሳምንታት ከፍሎና ተመላልሶ በ30 ወይም በ40 ደቂቃ ይቃጠላል። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ የሜላኒን ጠባይ ነው። ቆዳ ተጨማሪ ሜላኒን የሚያመርተው የሕዋሱ ዲኤንኤ መጎዳቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ መጋረጃው ሲዘረጋ ፀሐይዋ ቀድማ ገብታለች። ከዚህም በላይ አልጋዎቹ በብዛት የሚያወጡት ዩቪኤ የተባለው የአልትራቫዮሌት ዓይነት ቀድሞ የነበረውን ሜላኒን ያጠቁረዋል እንጂ አዲስ በማስመረት በኩል ሰነፍ ነው። ደንበኛው ቀለሙን ይዞ ይወጣል፤ መከላከያው አብሮት አይወጣም። በጨረር ጠቁሮ ምንም አለመጎዳት ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የቆዳ ሐኪሞች መልስ አጭር ነው፤ አይቻልም።

ስለ ቅባቱ ብዙ አንልም። ፍራንዝ ግራይተር የተባለ ኦስትሪያዊ የኬሚስትሪ ተማሪ በ1938 ፒትስ ቡይን የሚባለውን ተራራ ሲወጣ ፀሐይ ለበለበችው፤ በ1946 ቅባት ሠርቶ ተበቀላት፤ የተራራውም ስም የቅባት ስም ሆነ። 30 ቁጥር ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን፣ 50 ቁጥር 98 በመቶውን ያግዳል፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ከአንድ በመቶ ይሰፋል። ቁጥሩ የሚሠራው በወፍራሙ ለተቀባ ሰው ነው፤ ለመላ ሰውነት 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የአረቄ መለኪያ ያህል፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋኙ ደግሞ ከዋና በኋላ እንደገና። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዚህ ትእዛዝ ቢመራ ጠርሙሱ ከምሳ አያልፍም። ስለዚህ አባወራው ቆጥቦ ይቀባል፤ 30 ገዝቶ 10 ለብሶ ይወጣል። ጃንጥላ ግን ቆጥበው ቢይዙትም ያው ጃንጥላ ነው።

እዚህ ላይ አጥኚው አንድ ነገር ያለ ሽሙጥ ማስገባት ይፈልጋል። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ይህ ቅባት መድኃኒት ነው፤ እኛ ግን ከሊፒስቲክ አጠገብ ደርድረን በሊፒስቲክ ዋጋ እንሸጥላቸዋለን።

ያለ ጨረር የመጥቆሪያው መንገድ ከጠርሙስ የሚወጣው ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ ኢቫ ዊትገንስታይን የተባለች ተመራማሪ ለታመሙ ሕፃናት ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የሚባል ስኳር በአፍ ስትሰጥ፣ የተንጠባጠበው ቆዳቸውን ሲያጠቁረው አየች። በራሷ ቆዳ ላይ ሞከረችው፤ ጠቆረች። ስኳሩ በሞተው የላይኛው ቆዳ ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል። ፈረንሳዊው ሜያር በ1912 የገለጸው ሂደት ዘመድ ነው፤ ዳቦ ሲጋገርና ቡና ሲቆላ የሚሆነውም ይኸው ነው። ይህኛው ቡና ግን የሚቆላው ጎረቤት ሳይጠራ፣ መታጠቢያ ቤት ተዘግቶ ነው። ሥርዓቱን ለማያውቅ፦ አስቀድሞ ገላን ፈግፍጎ መታጠብ፤ ክርን፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ደረቅ ስለሆኑ ብዙ እንዳይጠጡ በስሱ መቀባት፤ ሲጨርሱ መዳፍን በሳሙና መታጠብ። ይህን የመጨረሻውን የረሳ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በብርቱካናማ እጅ ይጨባበጣል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ቆዳው ሲረግፍ ቀለሙም አብሮ ይረግፋል። ከፀሐይ አይከላከልም፤ የጠቆረውም ሰው እንዳልጠቆረ ሆኖ አንዱን መለኪያ መቀባት ይኖርበታል።

አሁን ወደ አገር በቀሉ እውቀት እንመጣለን፤ እርሱም ከምች ይነሳል። ወጥ ወጥ እየሸተተ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል፤ ራሱን ይወቅረዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከንፈሩ ላይ ይወጣበታል። ዳማከሴ ተጨምቆ ከቡና ጋር ይሰጠዋል፤ ቅጠሉም ታሽቶ ይሸተታል። ማዮርካ የደረሰው እንግዳ በበኩሉ ቁርሱን ጠግቦ በልቶ፣ የኮኮናት ሽታ ያለው ዘይት ተቀብቶ፣ ሽቶ ነፍቶ፣ በቀትር አሸዋ ላይ ይጋደማል። ምች እንዴት ይመታል የሚል መመሪያ ይጻፍ ቢባል ከዚህ የሚጎድል አንቀጽ አይኖርም። የእኛ አክስቶች አንድ ጊዜ ያን ባሕር ዳር ቢያዩት፣ ከፎጣዎቹ መካከል ዳማከሴ ይዘው የሚሮጡበት ፍጥነት ይታየናል።

የቆዳ ሐኪሞች የሚሠሩበት የቆዳ ምደባ የወጣው በ1975 ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ፊዝፓትሪክ ሰውን ለፀሐይ ባለው ምላሽ ከፋፈለ፤ መጀመሪያ አራት መደብ ነበር፤ አምስተኛውና ስድስተኛው፣ ማለትም እኛ፣ ኋላ ላይ ወንበር ተስቦልን ገባን። የአገራችን የጋብቻ ሽማግሌዎች ግን ከዚያ አስቀድሞ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር የሚል መለኪያ ነበራቸው፤ ልጅቷ ውኃ ይዛ ስትገባና ስትወጣ ባለው ጊዜ ልኬቱ ይጠናቀቃል። በ1979 የወጣ አንድ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ በተፈጥሮው 13 ቁጥር ያህል መከላከያ እንዳለው፣ የነጭ ሰው ግን 3 ከምናምን እንደሆነ አሳይቷል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ያወጡት ከዚያ በፊት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መግጠማቸውን አጥኚው አጋጣሚ ብሎ ለማለፍ ድፍረት አላገኘም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይዋ የት እንደምትሄድ ግን መፈክሩም ጥናቱም አይናገሩም።

13 ቁጥር ይዞ መወለድ ዋስትና አይደለም። ቦብ ማርሊን በ1981 የገደለው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ነበር። ይህ ዓይነቱ ፀሐይን አይጠብቅም፤ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ይመጣል፤ እዚያ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ያየ ሰው ሐኪም ዘንድ እንጂ ዳማከሴ ዘንድ አይሄድም።

በአዲስ አበባ የኮስሞቲክስ ሱቆች ውስጥ ደግሞ ሌላ መደርደሪያ አለ፤ የሚያነጣ። ሃይድሮኪኖን የያዘ አለ፤ ሜርኩሪ ያለበትም ይገኛል። የፍራንክፈርቷ ሴት ለመጥቆር፣ የአዲስ አበባዋ ለመቅላት፣ ሁለቱም ከደመወዛቸው እየቆረጡ ወደየጠርሙሳቸው ይሄዳሉ፤ ሁለቱም በየአገራቸው ሐኪም፣ «ይህን ነገር ተዪው» ይባላሉ።

ጥናቱ በሁለቱም ዓለም የሚኖር አንድ ናሙና አግኝቷል፤ ፍራንክፈርት የምትሠራ ሐበሻ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት እዚያ የሚወጣው ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለማስመረት አቅም የለውም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ለዚያው ቫይታሚን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ የ13 ወር ፀሐይ ልጅ ሐኪም ፊት ቀርባ ፀሐይ በጠብታ ይታዘዝላታል። ለገና ቦሌ ስትወርድ አክስቷ አገላብጠው ይስሟትና፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ቀላሽልኝ! የሰው አገር ውኃ ተስማማሽ» ይላሉ። ሠርግ ትበላለች፤ ላንጋኖ ትወርዳለች፤ ለጥምቀት ጃንሜዳ ውላ ትገባለች። ስትሸኝ እኚያው አክስት ሻንጣዋን ትተው ፊቷን ያያሉ፦ «ውይ ልጄ፣ እንዲህ ጠቁረሽ ልትሄጂ ነው? ምን ይሉናል እዚያ?»

እዚያ የሚሉት ታውቋል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ከዕረፍት የተመለሰችው ባልደረባዋ ቡና ማፍያው ጋ ትጠብቃታለች። ሰላምታው ሳያልቅ እጅጌዋን ትሰበስባለች፤ ክንዷን ከሐበሻዋ ክንድ ጎን ታስተካክላለች፤ ሌሎቹን ትጠራለች። «እዩልኝ፣ ልደርስባት ትንሽ ቀረኝ!» ሁሉም ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ አንዱ መስኮቱ ጋ መብራቱ ይሻላል ብሎ ሁለቱንም ወደዚያ ይወስዳቸዋል። ሐበሻዋ ቡናዋን በሌላኛው እጇ ትይዛለች። ልኬቱ በየዕረፍቱ ማግስት ይደገማል፤ ለማመሳከሪያነት ለዋለው ክንድ በሰዓትም ሆነ በዓመት የተቆረጠ ክፍያ የለም።