አዝራር በምሽቱ 3 ሰዓት

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ በዋና ዋና መንገዶችና በኮሪደር ልማት ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። እሰየው! የፒያሳ አምፖል ከበራ ባለሱቁ ዓይኑ ቢጨልም ምን ችግር አለው? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ክርና አዝራር ደርድሮ የተቀመጠ ነጋዴ ምሽት 3:30 ሲዘጋ 13 ሰዓት ተኩል ሠርቷል፤ በስድስት ቀን 81 ሰዓት ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት አደጋው በ35 በመቶ ከፍ ይላል። የአራዳ ልጅ ግን ጠንካራ ነው፤ ደግሞስ ሆስፒታል ከፒያሳ መች ራቀ?

«ታዲያ በፈረቃ አይሠራም?» የሚሉ አሉ። መልካም፤ የሁለተኛውን ሰው ደሞዝ ማን እንደሚከፍል ደንቡ ቢነግረን! «የማታ ገበያ ደርቷል» ለሚሉትም፣ ለማኪያቶና ለጁስ ቤት እውነት ነው፤ ያማረ መንገድ ሰው ያወጣል፣ አልክድም። በምሽቱ 3 ሰዓት አዝራር ፍለጋ ከቤቱ የሚወጣ ካለ ግን፣ ከባለሱቁ በፊት እሱ ሐኪም ይየው።