የጠፋችው ቢጫ «ህ»

የድረ ገጽ ዲዛይነሮቻችንን ሳናመሰግን ብዙ ቆየን። «እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ሊንክ ተመልከቱ። ስድስት ፊደል ነው፤ ስድስቱም ሳይበላለጡ ድርሻቸውን አግኝተዋል፦ «እ» ቀይ፣ «ዚ» ብርቱካናማ፣ «ህ» ቢጫ፣ «ይ» አረንጓዴ፣ «ጫ» ሰማያዊ፣ «ኑ» ወይን ጠጅ። የአባት ርስት እንኳ ጠብ ሳይነሣ እንዲህ ተከፋፍሎ አያውቅም።

ይህን ጥበብ ይዘን ከወልዲያ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ወደ አፋሯ ጭፍራ እንውረድ፤ እኩለ ቀን ላይ። ፀሐይ የስልኩ መስታወት ላይ ስታርፍ ቀድማ የምትሰናበተው ቢጫዋ «ህ» ናት። የድረ ገጽ ደንብ አውጪዎች ጽሑፍና መደቡ በድምቀት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለያዩ ይላሉ። ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ነው፤ ጥላ ሥር ሆነውም «አለች» ለማለት ምስክር ያስፈልጋል። ብርቱካናማዋ «ዚ» ትከተላታለች። ሊንኩም እንደሚያመነታ ሰው «እ… ይጫኑ» ይላል። ጭፍራ ገበያ ላይ ደግሞ «ይጫኑ» ከተባለ የሚቀርበው ግመል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሞዛይክ የተባለ ማሰሻ ሊንክን ሰማያዊ አድርጎ ከሥሩ አሰመረበት። ቀለም ቸግሮት መሆን አለበት። ከዚያም ሰማያዊው ያልተከፈተ፣ ወይን ጠጁ የተከፈተ ነው ተብሎ ዓለም ለመደው። የእኛው ግን ሳይከፈትም ተከፍቶም ያው ቀስተ ደመና ነው፤ አንባቢ አንዱን ገጽ አምስት ጊዜ ይከፍታል። ዳታው ከማን ኪስ እንደሚወጣ አትጠይቁኝ። ሊንክ ያልሆነው ርዕስም እንዲሁ ስለተንቆጠቆጠ፣ ጣት እስኪዝል መጫን ነው።

የብራና ጸሐፊዎቻችንማ ንፉጎች ነበሩ። ጥቁርና ቀይ፣ በቃ! ቀዩንም ቆጥበው ቆጥበው ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም። ዓይን ስሙን ፈልጎ ቶሎ ያገኘዋል፤ ያ ብቻ! ምን ዓይነት ስስት ነው?

የአፋሩ የወሬ ቅብብል ዳጉም ይሻሻል እንጂ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አረፍ ብለው፣ ያዩትን ከሰሙት ለይተው ይነጋገራሉ፤ ወሬው በረሃውን አቋርጦ ይደርሳል። ቀለም ግን የለውም። ስለዚህ ነጋሪው ሽርጥ እየቀያየረ ያውራ፤ ያየውን በቀይ ሽርጥ፣ የሰማውን በቢጫ… አይ፣ ይቅር፤ እንዲያማ ከሆነ ቀለሙ ትርጉም ሊኖረው ነው። በየቃሉ ዝም ብሎ ይቀያይር።