በቀይ ወደ ቀኝ፤ ንባቡና ትርጓሜው

ዋሽንግተን አካባቢ በሚኖረው ሐበሻ ዘንድ ከዳዊት ቀጥሎ በብዛት የሚተረጎመው ጽሑፍ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፉ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ ናት። ንባቧ አጭር ነው። ቀይ ሲበራ ከመስመሩ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ቁም፤ የሚከለክል ሰሌዳ ከሌለ፣ እግረኛውንና በአረንጓዴ የሚመጣውን መኪና አሳልፈህ ወደ ቀኝ መታጠፍ ትችላለህ። ተፈትኖ ያለፈ ሁሉ ገብቶኛል ይላል። ጠቡ የሚነሣው ትርጓሜው ላይ ነው።

ቁም አለ፤ ጎማህ አይንቀሳቀስ ሲል ነው። አንድም፤ ቀስ በል ሲል ነው። አንድም፤ ፖሊስ ካለ ቁም ሲል ነው። ሐተታ፤ ፖሊስ በሌለበት ለማን ይቆማል ቢሉ፣ ለካሜራው።

እንደ ጎንደር ሊቃውንት ሁሉ የእኛም ተርጓሚዎች ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ይከፈላሉ። ላይ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ታች ቤት አሌክሳንድሪያ። ካርታውም ይመሰክራል። ክርክሩ የሚጦፈው ሬገን ኤርፖርት፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ነው፤ አውሮፕላን በዘገየ ቀን አንድ ቃል ብቻ ሲተረጎም ይዋላል።

ታች ቤቶች ጥብቆች ናቸው። መኪናው ቆሞ ወደ ኋላ ለጠጥ እስኪል ድረስ ቆምኩ አይሉም። ላይ ቤቶች የሚከተሉት ስልት ግን እስከ ዛሬ ስም ስላልወጣለት እኔ «ተሳልሞ ማለፍ» ብየዋለሁ። አዲስ አበባ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። ታክሲው እስጢፋኖስን ሲያልፍ ሾፌሩ ባንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ያማትባል፤ ፍጥነቱ አይቀንስም፣ አክብሮቱም አይጎድልም። የላይ ቤት መኪናም ቀዩ ዘንድ ሲደርስ አፍንጫውን ዝቅ ያደርጋል፣ ቀና ይላል፣ ይታጠፋል። መብራቱን ናቀው የሚል ቢኖር ሐሰት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለችው ዲሲ ብዙ መስቀለኛ መንገድ ላይ «በቀይ አትታጠፍ» የሚል ሰሌዳ ሰቅላ ትርጓሜውን በንባብ ዘግታዋለች። ምክር ቤቷም እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማው እንዲከለከል የሚል ሕግ አጽድቋል።  ስለዚህ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚወርድ ሰው ኢስተርን አቬኑ ላይ ሲደርስ ወሰኑን ብቻ ሳይሆን ልማዱንም መሻገር አለበት። ይህን ያደረገ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የአንቀጿ ታሪክ ከቤንዚን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1973 የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጥሉ፣ ቀይ መብራት ሥር ሞተሩን አስነስቶ የሚቆም መኪና ድንገት አባካኝ ሆኖ ተገኘ። በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የኃይል ሕግ፣ ለቁጠባ ዕቅዱ የፌዴራል ገንዘብ የሚፈልግ ስቴት በቀይ ወደ ቀኝ መታጠፍን እንዲፈቅድ ጠየቀ። ማሳቹሴትስ እስከ 1980 ተግደርድራ በመጨረሻ እሺ አለች።

ያው የነዳጅ ውድነት ለእኛም ደርሶን ነበር። የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ቤንዚን ተወደደ ብለው አድማ መቱ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በአንድ ማዕቀብ አሜሪካ በቀይ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ኢትዮጵያ በቀይ ወደ ግራ። በሜሪላንድ ሕግ በቀይ ወደ ግራ መታጠፍ የሚፈቀደው ከባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ወደ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ሲሆን ብቻ ነው። የእኛም በዚሁ ሥር ይመደባል።

እስካሁን የተባለውን ሁሉ የሚሽር አንድ ባለሥልጣን አለ፤ ከኋላ ያለው ክላክስ። ንባቡ «ትችላለህ» ይላል እንጂ «ታጠፍ» አይልም፤ እስከ አረንጓዴ ተቀምጦ መጠበቅ መብት ነው። ክላክሱ ግን መብትን ወደ ግዴታ ይተረጉማል፣ ያውም በአንድ ድምፅ። የተጮኸበት ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፤ ዓይኑን በግራ በኩል በሚመጣው መኪና ላይ ተክሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እግረኛው የሚገባው በቀኝ በኩል ነው።

እኔ በትውልድ ላይ ቤት ነኝ። ባለፈው ዓመት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ካውንቲ የመኪናዬን ፎቶ ከ75 ዶላር ቅጣት ጋር በፖስታ ላከልኝ። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። መኪናዬ በግልጽ ትሳለማለች፤ እንዲያውም ከልብ። ካሜራው ንባብ እንጂ ትርጓሜ ስላልተማረ ከፈልኩ፤ ከፍዬም ታች ቤት ገባሁ።

በገባሁ በሳምንቱ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆምኩ። ከመስመሩ ወዲህ ነኝ፣ ጎማዬ አይነቃነቅም፣ መኪናዬም ወደ ኋላ ለጠጥ ብላለች። በግራ አየሁ፣ በቀኝ አየሁ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ በግራ አየሁ። ክላክሱ አንዴ ጮኸ። ሁለተኛም ጮኸ። መስታወቴ ላይ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ አይቶ መሆን አለበት፣ ከኋላዬ ያለው ወጣት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በአማርኛ ጠራኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀይ እኮ ነው! ምን ይጠብቃሉ?»